የተረፈች ብሎን

ካረጁ አይበጁ የሚል ተረት አለ፤
ይህን ኮምፒውተር አይቶ ነው ያን ያለ።
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ጨረታ
በአርባ ዶላር አነሳሁት፣ አንድ የመስከረም ማታ፤
ጎኑ ላይ ዛሬም አለ የቁጥር ወረቀቱ፤
ሲበራ ያጓራል፣ ወፍጮ ነው ድምፀቱ።

ልጄ ኢዮስያስ ከተማ ይሠራል፣
ስክሪኑ ላይ ድልድይ ይገትራል፤
ወንዙን ሊያፈስ ሲል ግን ሁሉም ይደነግጣል፣
ውሃው እንደ ሳሙና በካሬ ይቆረጣል።
«በሰከንድ ዘጠኝ ሥዕል!» ብሎ ቆጠረልኝ፤
እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ ዘጠኝ ምን ሊነግረኝ?
«ካርዱ ነው፣ አባዬ። የሥዕሉ ካርድ ደክሟል።»
ሦስት ወር ነገረኝ። ሰው በሦስት ወር ይሰማል።

የካቲት ነው። ሳስካቱን። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ከሆኪ አዳራሹ ደጅ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
ጠበቀን ዳሪል የሚባል ወንድ።
ከወንበሩ ሥር አወጣው፣ በሆኪ ካልሲ ጠቅልሎ፣
«ሁለት ዓመት ተጫወትኩበት፣ ጤነኛ ነው» ብሎ።
መቶ ሠላሳ ዶላር ቆጠርኩ፣ ጓንቴን በጥርሴ ይዤ፤
ዋጋ መከራከሩን እንኳ ረሳሁት፣ በብርድ ደንዝዤ።
ልጄ እንደ ጫጩት በጉያው ሸጎጠው፤
ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣው።

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎኑን ከፈትነው፤
የአሥራ አንድ ዓመት አቧራ፣ የድመት ጸጉር መስሎ፣ በጣት ጠረግነው፤
አንድ የእርሳስ ቁራጭ፣ አንዲት የሞተች ዝንብ፣
ማን እንዳስገባው የማይታወቅ የሃያ አምስት ሳንቲም ገንዘብ።

«ብረት ንካ!» አለኝ ልጄ፣ «መጀመሪያ ብረት፤
በዚህ ደረቅ ብርድ ጣትህ አለው እሳት።»
ነካሁ። ቧንቧውን፣ የበሩን እጀታ፣ ምድጃውን ነካሁ፤
የገዛ ልጄን ጆሮ ብነካው፣ ጧ! አለ፤ ሳቀ፤ ሳቅሁ።

አሮጌው ካርድ ወጣ። ቀጭን፣ አጭር፣ ዝምተኛ።
አዲሱ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ትከሻ ሰፊ፣ እብሪተኛ፤
በሁለት ጣት ረዘመ፤ ሳጥኑ አልበቃው አለ፤
እሌኒ ከሶፋው ላይ፦ «ቤት ጠበበኝ የሚል ሙሽራ መሰለ!»
የብረት መጋዝ አወጣሁ። ልጄ ዐይኑን ጨፈነ።
የዲስኩን መደርደሪያ ቆረጥኩት፤ ብናኙን በቴፕ ለቀምን፤ ሆነ።
ደግሞ ለብቻው መብል አማረው፣ ባለ ስድስት ጥርስ ገመድ፤
ከትሪስታን ቤት ሮጦ አመጣ ልጄ፣ በዚያ በረዷማ መንገድ።

አበራነው።
ማራገቢያው ዞረ። መብራቱም በራ።
ስክሪኑ ግን ጥቁር፤ አንዳች አላወራ።
ነቀልን፣ ሰካን። ነቀልን፣ እፍ አልን፣ ሰካን።
ዳሪልን ረገምኩት፤ ካልሲውን፤ መቶ ሠላሳዬን።
«ከእጅ አይሻል ዶማ!» አልኩ፣ ላብ በአፍንጫዬ፤
ልጄ ዝም። እግሩን እያወዛወዘ፣ ዝም፣ ከኋላዬ።

እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ ከሳጥኑ ጀርባ ጎንበስ ብዬ፣
ስዳብስ፣ ስዳብስ፣ አወቀችው ጣቴ ከዐይኔ ቀድማ፣ ወይ ጉዴ፣ ወይ ሞኝነትዬ፦
የስክሪኑ ገመድ እንደተሰካ ነው በድሮው ቀዳዳ፤
አዲሱ፣ ሥዕሉን ታቅፎ፣ ደጅ የቆመ እንግዳ።

አዛወርኩት። ብርሃን መጣ።
የልጄ ወንዝ ከድልድዩ ሥር ሳይቆራረጥ ወጣ፤
አንድ ዓሣ ሠርቶ ኖሮ፣ ሲዋኝ ግን ያላየው፣
ጅራቱን ሲያወዛውዝ አፉን ከፍቶ አየው።

«ገመዱን አይተኸው ነበር?»
«አዎ።»
«መቼ?»
«ገና ስታበራው።»
«ታዲያ ለምን ዝም...?»
«አንተ እንድታገኘው ብዬ» አለ፣
ዐይኑን ከዓሣው ሳያነሳ።

ሳይነጋ ለሥራ ስወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብሎን።
ከየት እንደወጣች፣ የት እንደምትገባ፣ የሚያውቅ ያለ እንደሆን
ይንገረኝ። በደረት ኪሴ ይዣት እየነዳሁ ነው።
በስምንተኛው ጎዳና፣ በየፌርማታው ስቆም፣
ከቁልፌ ጋር ትጋጫለች፣ ቅጭል ትላለች፤
ኮምፒውተሩ ግን ያለ እሷ ይሠራል።